ዘይት የጠጣ ድንጋይ

ካፉሪ፣ ካርቱም
ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሼህ ሙሄዲን፣ ወረባቦ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ የቁርኣን ደረሶቹን የሚያስበረግገው ድምፅዎ እንዴት ከርሟል? ልጅዎ ሙኒያስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሙቀቱ እንደ ድንች ቢቀቅለኝም ደህና ነኝ።

ሙኒያ በስልክ «አባባ ወረቀት ትላክልኝ ብለዋል» አለችኝ። እርስዎ ስልኩን ተቀብለው ደህና ነሽ፣ ደህና ነን ካሉ በኋላ ወዲያው እንደሚመልሱላት አውቃለሁ። ጭንቀትዎ ያስተማሩኝ ፊደል እንዳይዝግብኝ ነው። ይኸው፣ አልዛገም። ኢክሪማ የሚባለው ሾፌር በየወሩ በአውቶቡሱ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት ስለሚመላለስ፣ በእሱ እጅ የኮርዶፋን ሙጫ ልኬልዎታለሁ። ለቀለምዎ እንዲሆን ጥሩ ጥሩውን ራሴ ለቅሜ ነው።

ስለ አሠሪዬ ጠይቀውኝ ነበር። ሐጃ ኒዕማ ይባላሉ። ባላቸው፣ አላህ ይማራቸውና፣ በኤምባሲ የሚሠሩ ሰው ስለነበሩ በወጣትነታቸው አብረው ቻይና ኖረዋል። አሁን ከልጃቸው ከሳሊህ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሱ ነጋዴ ነው፣ በእራት ሰዓት ካልሆነ አይታይም። ሐጃ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ በረንዳው ላይ ይቀመጡና አንድ ጥቁር ድንጋይ ፊታቸው ያደርጋሉ። የሁለት መዳፍ ያህላል፤ በአንዱ ጫፍ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ አለው፣ ሌላው ለጥ ያለ ነው። የቻይና ቀለም እንደ እርስዎ ቀለም ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም። የጥድ ጥላሸት ከቆዳ ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ ደርቆ፣ የጣት ርዝመት ያለው ዱላ ይሆናል። ሐጃ በድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጉና ዱላውን ክብ ክብ እያዞሩ ያሹታል፤ ውሃው ቀስ እያለ ይጠቁራል። ከዚያ በብሩሽ አንድ ፊደል ይጽፋሉ፣ ያዩታል፣ በቃ። እኔ ቁርስ አቀርባለሁ።

አንድ ቀን ልርዳዎት ብዬ ተቀብዬ እንደ ሽሮ ስፈጨው ሳቁብኝ። «ያ በቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ቀለም የሚፈጭ ሰው ከሕመም እንደተነሳ ሰው መሆን አለበት። ጉልበት የለውም፣ ጊዜ ግን አለው።» ድንጋዩን የሰጧቸው ሊን የሚባሉ አሮጊት መምህርታቸው ናቸው። ሲሰጧቸው፣ ወረቀት ያልቃል፣ ብሩሽ ይረግፋል፣ ቀለም ውሃ ይሆናል፣ ድንጋይ ግን ለሚቀጥለው ይተላለፋል ብለዋቸዋል። መሀሉ ላይ ትንሽ ሰርጎድ ያለ ቦታ አለ። የመምህርቷ እጅ ዕድሜ ልክ ሲፈጭበት የሠራው ነው። ትንፋሽ ሲነካው ላብ ያወጣል፤ እኔም ሞክሬ አይቻለሁ።

ዛሬ ሐጃ ኦምዱርማን እህታቸው ዘንድ ሊያድሩ ስለሄዱ አንድ ነገር ሠራሁላቸው። ድንጋዩ በዚህ ሙቀት ደርቆ፣ አመድ መስሎ አሳዘነኝ። ይሰነጠቃል ብዬም ፈራሁ። እናቴ አዲስ ሸክላ ስትገዛ እንደምታደርገው፣ በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አሙቄ፣ በሰሊጥ ዘይት አሟሸሁት። ደጋግሞ ጠጣልኝ። አሁን ፊት ያሳያል። ሲያዩት ምን እንደሚሉ ለመስማት ቸኩያለሁ።

ዱዓዎ አይለየኝ።

የእህትዎ ልጅ ዘሊካ


ወረባቦ
ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሊካ፤

ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ ዝናብ ሳይቆጠር ይድረስሽ። እኛ በአላህ ቸርነት ደህና ነን። ሙኒያ ደህና ናት፤ ላሟ ወልዳለች፤ ደረሶቹም እንደ ልማዳቸው ከመቅራት መብላት ይቀናቸዋል። ሙጫው ደርሷል። እንዲህ የጠራ ሙጫ ካየሁ ዘመን የለኝም። አባቴ ጀምረውት የሞቱትን ኪታብ ገልብጬ ለመጨረስ ጥቂት ቅጠል ወረቀት ነው የቀረኝ፤ በዚህ ሙጫ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እስከ ዘይቱ ድረስ ስስቅ ነበር። ዘይቱ ላይ ስደርስ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ልጄ፣ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ሆንሽ እኮ። ቀለምና ቅባት ጠበኞች ናቸው። ደረሳ ቅቤ በነካው ጣቱ የሚጽፍበትን የእንጨት ሉህ ከያዘ እኔ አልቀጣውም፤ ሉሁ ራሱ ይቀጣዋል፤ ብርዑ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል እንጂ እንጨቱን አይዝም። ያ ድንጋይ ደግሞ ሥራው ዱላውን መንከስ ነው። ዘይት የጠጣ ጥርስ አይነክስም። እኔ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ብሳሳት ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትኩ ግን ሐጃ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ፣ አንቺው በአፍሽ ንገሪያቸው። ለመልካም ብለሽ እንዳደረግሽው አይጠፋቸውም።

አንድ ወዳጄ ማንበብ አቅቶታል። ጠንከር ያለ የማንበቢያ መነጽር ካገኘሽ ላኪለት። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ካፉሪ፣ ካርቱም
ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይቀመጥ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለእርስዎ መዋሸት አልተማርኩም።

ደብዳቤዎ ነገሩ ከሆነ በኋላ ደረሰኝ። ሐጃ ዘይቱን በቀባሁ ማግስት መጡ። ድንጋዩ ሲያበራ አይተው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ አንድ ሰው የወለወለላቸው ነው የመሰላቸው። ውሃ ጠብ አደረጉ፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ። ዱላውን አሹ፤ ሸርተት አለ። ደግመው አሹ፤ ያው ነው። ከዚያ ድንጋዩን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና የሰሊጡን ሽታ አገኙት። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሸክላውን፣ እናቴን፣ ፀሐዩን። አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ ነበር። «ማዕሌሽ ያ በቲ፣ ግድ የለም፣ ለደግ ብለሽ ነው» አሉኝና ድንጋዩን በሻሻቸው ጠቅልለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ አይወጡም። ሱብሒን ሰግደው ተመልሰው ይተኛሉ። ቁርሱን አልጋ ላይ አቀርባለሁ፣ እንዳለ እመልሳለሁ። እኔ የጎዳሁት ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጠዋታቸውን ነው የጎዳሁት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሳሊህ ደግ ሰው ነው፤ እናቱን ግን ይወዳል። አንድ ቀን ኩሽና ገብቶ፣ ዘሊካ አንቺን አልወቅስሽም፣ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ካልተነሱ ካይሮ እህቴ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፣ ቤቱም ይዘጋል አለኝ። ቻይና የሚመላለስ ወዳጁን ልኮ አዲስ ድንጋይ አስመጣላቸው። የሚያምር ነው። ዳሰሱት፣ አመሰገኑት፣ ከሳጥኑ አላወጡትም።

አጎቴ፣ እርስዎ የቀለም ሰው ነዎት። ዘይት ከድንጋይ የሚወጣበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ። ደግማ ታጠፋለች ብለው አይስጉ፤ ከዚህ ወዲያ ሳልጠይቅ ጣቴን አላነሳም። ሐጃን ከዚያ አልጋ ካላስነሳሁ እንጀራዬም፣ እንቅልፌም አይጥመኝም።

ለወዳጅዎ መነጽሩን ልኬያለሁ።

ልጅዎ ዘሊካ


ወረባቦ
ነሐሴ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሊካ፤

አላህ ሐዘንሽን ያቅልልሽ፤ ለእሳቸውም መጽናናትን ያውርድላቸው። ደብዳቤሽን ሙኒያ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ እኔም አሰብኩበት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፍሰሻል፤ አሁን የቀረው መልቀም ነው፤ መልቀም ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ሉህ ቅባት ሲነካው እኛ የምናደርገውን ልንገርሽ። ነጭ አፈር፣ ደረሶች ሉሁን የሚቀቡትን ዓይነት፣ በውሃ ለውሰሽ እንደ ወፍራም ገንፎ አድርጊና ድንጋዩን አልብሺው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ አታሳዪው፤ ፀሐይ ዘይቱን ወደ ውስጥ ትነዳዋለች፤ የመጀመሪያው ጥፋትሽም እሱ ነው። ሲደርቅ አፈሩ ዘይቱን ጠጥቶ ቢጫ ይሆናል። አራግፊው፣ አዲስ አልብሺው። አፈሩ ነጭ ሆኖ መውረድ እስኪጀምር ድረስ አትሰልቺ። ሳሙና አታስነኪው። ሽቦማ ስሙንም አታንሺ።

ከዚህ በፊት ግን ሐጃን አስፈቅጂ። በሰው ዕቃ ላይ ሁለት ጊዜ ያለ ፈቃድ ደግነት አይሠራም።

ወዳጄ መነጽሩ አልበቃውም። ከዚያ የበረታ ካለ እይለት፤ ከሌለም ይቅር።

አጎትሽ ሙሄዲን


ካፉሪ፣ ካርቱም
ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

የላኩት ምክር በሰላም ገብቷል፤ እርስዎም በሰላም ይቆዩልኝ። መስከረም ሙሉ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ኢክሪማ ገዳሪፍ ተቀምጦ ነበር፤ ዘገየሁብዎት። በነገራችን ላይ ጽሕፈትዎ ትልቅ ትልቅ ሆኗል፤ አንድ ገጽ ላይ አምስት መስመር! ወረቀት ረከሰ እንዴ እዚያ ሰፈር?

ሐጃን አስፈቀድኩ። «ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል» አሉኝ፤ ይህም ፈቃድ ነው ብዬ ያዝኩት። ነጭ አፈሩን ካላክላ በሚባል ሰፈር የምትኖር የደሴ ልጅ፣ ወይንሸት፣ ከሰፈሯ ኸልዋ፣ ከቁርኣን ቤቱ፣ አገኘችልኝ፤ እዚህም የቁርኣን ልጆች ሉሃቸውን ይቀቡበታል። ሐጃ ሲያዩት ወንድሞቻቸው በልጅነታቸው ቁርኣን የተማሩበትን ኸልዋ አስታወሱና ጥቂት አወሩኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

አለበስኩት፣ አራገፍኩት፣ አለበስኩት። እንዳሉኝ ቢጫ ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ፣ በመጨረሻ ነጭ። ውሃ ጠብ ሳደርግ ውሃው ባለበት ቆመ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እየሮጥኩ አልጋቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሐጃ ተነስተው ዱላውን አሹት። ቀለም ወጣ፤ ግን የታጠበ ቡና የመሰለ፣ የሳሳ። ዳሩ ነክሷል፤ መሀሉ፣ ያ የመምህርቷ እጅ የሠራው ሰርጎድ ያለ ቦታ፣ አሁንም ይንሸራተታል። ዘይቱ የጠለቀው እዚያ ነው።

ሐጃ መፍትሔውን ራሳቸው ያውቁታል። የዱሮ ሰዎች የደነዘዘ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው በላመ ከሰልና በውሃ ፊቱን አሽተው አዲስ ይከፍቱታል አሉኝ። ታዲያ እናድርገዋ አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ያቺ ጎድጓዳ የመምህርቴ እጅ ናት። እሷን አሽቼ ካጠፋሁ የቀረኝ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ሳሊህ ገዝቶልኛል።»

እርስዎ ምን ይመልሱላቸዋል? ሳሊህ የካይሮውን ነገር ጀምሯል፤ ፓስፖርታቸውን አሳድሷል። ባለፈው ጁምዓ ደግሞ ለእኔ ሌላ ቤት እንደሚፈልግልኝ ነገረኝ። አላለቀስኩም ብልዎት አያምኑኝም።

መነጽሩን ከዚህ የበረታ የለም ብለውኛል፤ ያለውን ልኬያለሁ። ወዳጅዎ ለምን ሐኪም አይታይም?

ልጅዎ ዘሊካ


ወረባቦ
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሊካ፤

ሰላም ላንቺና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። መልሴ ዘገየ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ይህን ሙኒያ ናት የምትጽፍልኝ፤ አታስቢ።

ለሐጃ የምለውን በአንቺ አፍ አልልክም። ስለዚህ በዐረብኛ አንድ ገጽ ጽፌላቸዋለሁ፤ አብሮ ታሽጓል። እሱን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፤ ላዘነ ሰው በሌላ ሰው እጅ አይጻፍም። ሳትከፍቺው ስጫቸው።

የምፈልገው ነገር የለም። ሙጫም አትላኪ፣ ያለው ይበቃል።

አጎትሽ ሙሄዲን


ካፉሪ፣ ካርቱም
የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለአባቴም ምትክ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሩ እገባለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ወረቀቱን ለሐጃ ሰጠሁ። ትራሳቸውን ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ የቁርኣን ዐረብኛ ስለሆነ ሁሉም ባይገባኝም ይህን ያህል ይዤያለሁ። ከአያትዎ የወረሱት ሉህ እንዳለ፣ ትውልድ ሁሉ እየጻፈበት፣ እያጠበው፣ በከሰል እያሸው እንደ ቆዳ መሳሳቱን ጻፉላቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «የአያቴ ጽሕፈት በሉሁ ላይ አንድ ነጥብ እንኳ አልቀረም። የታጠበበትን ውሃ ግን እኛ ልጆቻቸው ለበረከት ጠጥተነዋል። እጃቸው ያለው እንጨቱ ላይ አይደለም። የመምህርትዎም እጅ ያለው ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ እህቴ፣ በእርስዎ ክንድ ውስጥ ነው። ድንጋዩን ይሹት።»

ሐጃ ንባቡን ጨረሱ። አለቀሱ ብዬ ቀና ስል አላለቀሱም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርበው ያዩታል። እንደገና የሚያነቡ መስሎኝ ነበር፤ ግን የሚያዩት ቃሉን ሳይሆን ጽሕፈቱን ነበር።

«አጎትሽ ዐይናቸው ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አሉኝ።

ኧረ ያያሉ፣ እጃቸውን ነው ያመማቸው አልኩ። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። መስመሩ ወደ ግራ እያለ ይወርዳል። ነጥቦቹ ከፊደላቸው ርቀው ታችኛው መስመር ላይ ወድቀዋል። አንድ ቃል በራሱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እያንዳንዱ ፊደል ግን ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም። «እጃቸው ፊደሉን ያውቀዋል፤ ዐይናቸው ግን ቦታውን አላገኘም። ይህን ገጽ የጻፈ ሰው አያይም፣ ያ በቲ። እኔ ዕድሜዬን የሰው እጅ ሳነብ ነው የኖርኩት።»

አጎቴ፣ ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይሉ የለ? ትልልቁን ፊደል አይቼ ቀለድኩብዎት። ሙኒያ አነበበችልኝ ሲሉኝ አለፍኩት። መነጽሩን የላኩለት ወዳጅ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሙጫ አትላኪ ያሉኝም ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ሐጃ ከዚያ የሠሩትን ልንገርዎት። እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። «የማያይ ሰው የእኔን ድንጋይ ለማዳን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ እኔ ሁለት ዐይን ይዤ እዚህ ተኝቻለሁ» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት። ከሰል አምጪ አሉኝ። ወቅጬ፣ በሻሽ ነፍቼ፣ እንደ ዱቄት አልሜ አቀረብኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ከሕመም እንደተነሳ ሰው፣ ቀስ እያሉ አሹት፤ በእርግጥም ከሕመም የተነሱ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሲያሹ፣ ሲደክማቸው ሲተዉት፣ በማግስቱ ሲመለሱ፣ ጎድጓዳዋ ከዳሩ ጋር እየተስተካከለች ሄደች። የጠፋች ቀን ጣታቸውን በቦታው ላይ አሳርፈው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ። ከዚያ ውሃ ጠብ አደረጉ፣ ዱላውን አሹ። ድምፁ ተመለሰ፤ ያ ነከስ ነከስ የሚለው። ቀለሙ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

ሳሊህ የካይሮውን ነገር ትቶታል። እናቱ ትናንት ለእራት ራሳቸው ወርደው፣ ሾርባው ጨው የለውም ብለው ገሠጹኝ። ተገሥጬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ሐጃ የሚሉት፣ እዚህ የሚያውቁት የዐይን ሐኪም አለ፤ ሳሊህ ሁሉን ይችላል፤ ይምጡ ነው። እኔ የምለው ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ ነው። ዛሬ እንደ አጎት አያጽናኑኝ። እንደ ትልቅ ሰው ይንገሩኝ።

ልጅዎ ዘሊካ


ወረባቦ
መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሊካ፤

ረመዳን ገብቶልናል፤ አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ። ሙኒያ እየጻፈች ነው፤ እኔ እያልኩ ነው።

ሐጃ እውነታቸውን ነው። ወዳጄ ያልኩሽ እኔው ነኝ። የዐይኑ ሕመም የጀመረኝ አንቺ የመጀመሪያውን ሙጫ ከመላክሽም በፊት ነው። ደሴ ወርጄ ታይቻለሁ። ሐኪሙ፣ ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ይህ ግን ከኋላ ያለው ጅማት ደርቆ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለኝ። ስለዚህ የካርቱሙ ሐኪም አይድከም። ለሐጃና ለልጃቸው ግን ምስጋናዬን ንገሪልኝ፤ ማየት ለማይችል ሰው መንገድ የጠረጉ ሰዎች ናቸው።

ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስለ ገጹ ልንገርሽ። የዚያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በሩ ላይ ስትደርስ፣ በቀኝ ዐይኔ ጠርዝ ትንሽ ብርሃን ይመጣልኝ ነበር። እየጠበበ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። በዚያች ብርሃን ወይ የአባቴን ኪታብ የቀሩትን ቅጠሎች መጨረስ ነው፣ ወይ ለሐጃ መጻፍ። ሁለቱን እንደማታደርስ ገብቶኝ ነበር። ኪታቡ ባለቤቱ ሞተዋል፤ መጠበቅ ይችላል። እሳቸው ግን በሕይወት እያሉ ተኝተው ነበር። መረጥኩ። ገጹን በጨረስኩ ሰሞን ብርሃኗም ሄደች። ድንጋዩ ነከሰ ስትዪኝ ግን፣ ዘሊካ፣ ዐይኔን በከንቱ እንዳልጨረስኩት አወቅሁ። አልቆጨኝም፤ አንቺንም አይቆጭሽ።

አትምጪ። ሐጃ ይፈልጉሻል። እኔ ሙኒያ አለችኝ፣ ደረሶቹ አሉኝ፣ መንገዱንም እግሬ ያውቀዋል።

አላህ ለምትወጂው ሁሉ ያቆይሽ።

አጎትሽ ሙሄዲን

ዘሊካ እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ሙኒያ ነኝ። ለአባባ አላነበብኩላቸውም፤ አላነብላቸውምም።

አትምጪ የሚለውን እጄ ጽፎታል፤ ልቤ ግን የለበትም። በስልክ ስትጠይቂኝ ደህና ናቸው ያልኩሽ አስምለውኝ ነው፤ ይቅር በዪኝ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል ይሉሻል፤ ባለፈው ሳምንት ጓሮ ወድቀው ያነሷቸው ደረሶቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ ዞረው ይቀመጡና፣ ከዘሊካ ወረቀት መጣ ወይ ይላሉ። ሲመጣ አነብላቸዋለሁ። ሳይመጣ ሲቀር የዱሮዎቹን አውጥቼ እደግምላቸዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ያልጻፍሽውን እጨምራለሁ፤ ሳቅሽን፣ ሐጃ የተናገሩትን፣ የካርቱምን ሙቀት። የሚያውቁ ይመስለኛል፣ ግን አያቋርጡኝም።

ትናንት የምጨምረው ሲያልቅብኝ፣ ለዒድ እመጣለሁ ብላለች ብዬ አነበብኩላቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ከዚያ ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ነክተውት የማያውቁትን የቀለም ዕቃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ተቀብለው አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት፣ በጣታቸው ዳስሰው ንጹሕ መሆኑን አረጋገጡ። ያቺ ልጅ ቆሻሻ ዕቃ አይታ ዝም አትልም አሉኝ።

እኔ በጾም አፌ ዋሽቻለሁ። እባክሽ ነይና ውሸታም አታድርጊኝ።

ሙኒያ